ጋዙን ማን ይገዛዋል?

በሜልበርን ፉትስክሬይ ውስጥ ባሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች ድስት የታጠበበት ውሃ እንዲሁ ወደ ቱቦ አይለቀቅም። መጀመሪያ በቅባት ማጥመጃ ጉድጓድ ያልፋል፤ ቅባቱ ከላይ ተንሳፍፎ ይቀርና የቀረው ወደ ከተማው የፍሳሽ መስመር ይገባል። ባለቤቱ ለዚህ ይከፍላል። ጉድጓዱ በየጊዜው በቦቴ ይመጠጣል፣ ለመጣጩ ሒሳብ አለው፤ ፍሳሹን ለመልቀቅም ከውሃ ድርጅቱ ጋር ውል ይገባል፣ ለዚያም ሒሳብ አለው። ከቤት ኪራይና ከሠራተኛ ደሞዝ ጋር ሲደመር የሚያማርር ወጪ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር በግልጽ ያሳያል፦ በሜልበርን ዘይት የነካውን ውሃ በነጻ መድፋት አይቻልም።

ዘይቱ ፓልም ከሆነ ግን ድስቱ ላይ ከመድረሱ በፊት ሌላ ብዙ ውሃ አበላሽቶ ነው የመጣው። የዚያን ውሃ ሒሳብ ማን እንደከፈለ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የፓልም ዘይት የሚጨመቀው ከዘንባባ ዘር ከሆነ ዛፍ ፍሬ ነው። ዘለላው እንደተቆረጠ፣ ሳይውል ሳያድር በእንፋሎት ይቀቀላል፤ ፍሬው ከዘለላው ይረግፋል፣ ይደቆሳል፣ ይጨመቃል፤ የተጨመቀው ዘይት ደግሞ በሙቅ ውሃ ይጠራል። ከዚህ ሁሉ የሚተርፈው ፍሳሽ ቡናማ፣ ወፍራም፣ ኮምጣጣና ከ80 እስከ 90 ዲግሪ የሚያቃጥል ነው። የጠላ አተላ የሚያውቅ ሰው መልኩን ለመገመት አይቸገርም። እንደ አተላውም መርዝ የለበትም፤ ውስጡ ያለው ያመለጠ ዘይትና የፍሬው ሥጋ ነው። ችግሩም እሱው ነው። ወንዝ ውስጥ ሲገባ ደቂቅ ተሕዋስያን ይህን ምግብ ለመብላት ሲረባረቡ በውሃው ያለውን ኦክስጅን ያሟጥጡታል፣ ዓሣውም ይታፈናል። ባለሙያዎች ይህን የኦክስጅን ሽሚያ በሊትር ይለኩታል፦ ከመኖሪያ ቤት የሚወጣ ተራ ፍሳሽ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲፈልግ፣ የዘይት መጭመቂያው ፍሳሽ 25,000 ገደማ ይፈልጋል። መቶ እጥፍ ያህል ማለት ነው።

አንድ ቶን ድፍድፍ ፓልም ዘይት ሲመረት ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ኩብ ያህል እንዲህ ያለ ፍሳሽ ይወጣል። ስሌቱ ወደ ጓዳ ሲመጣ፣ አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ከኋላው ከ11 እስከ 14 ሊትር ፍሳሽ ትቶ ነው የመጣው። ፍሳሹ ክዳን በሌለው ኩሬ ውስጥ ሲብላላ ደግሞ ከእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 28 ሜትር ኩብ ገደማ ጋዝ ይነሳል፤ ለአንዷ ጀሪካን ከ300 ሊትር በላይ መሆኑ ነው። ከጋዙ 60 በመቶ ያህሉ ሚቴን ነው። ሚቴን በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል።

ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በየሱቁ የሚሸጠው፣ ብርድ ሲነካው የሚረጋው ዘይት በአብዛኛው ፓልም ነው፤ የዓለምን ፓልም ዘይት ከአምስት እጅ አራቱን የሚያመርቱትም ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ናቸው። ሚያዝያ 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢንዶኔዥያ ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስታግድ፣ እገዳው አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው ቢነሳም፣ ፓልም ዘይት በሚገዛ አገር ሁሉ ድንጋጤው ደርሷል። ዘይቱ ከየት እንደሚመጣ ያን ጊዜ ብዙ ሰው አወቀ። ምን ትቶ እንደሚመጣ ግን ያኔም አልተነሳም።

ሜልበርን ውስጥም ቢሆን ስለ ፓልም ዘይት ሲወራ የሚነሳው ጫካውና ኦራንጉታኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የቪክቶሪያ መካነ እንስሳት ድርጅት የዘይቱ ስም በምግብ እሽግ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ የሚጠይቅ ትልቅ ዘመቻ ጀምሮ ነበር፤ በአውስትራሊያ እሽጉ ላይ «የአትክልት ዘይት» ማለት ይበቃ ስለነበር ሸማቹ የትኛውን እንደሚበላ አያውቅም። ሐሳቡ በሴናተር ኒክ ዜኖፎን አማካይነት የሕግ ረቂቅ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2011 ሴኔቱን ቢያልፍም ሕግ ሳይሆን ቀረ። ዘመቻው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ስያሜው ቢጻፍ ኖሮ እንኳ ሸማቹ ስለ ፍሳሹ የሚያውቀው ነገር አይኖርም፤ ክዳን ያለው ኩሬ ያለውም የሌለውም መጭመቂያ በእሽጉ ላይ አንድ ዓይነት ነው።

ስለ ፍሳሹ ብዙ የሚያስተምረው የማሌዥያ ታሪክ ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአገሪቱ መጭመቂያዎች በፍጥነት ሲበዙ ወንዞቹ መሽተት ጀመሩ። መንግሥት በ1977 ደንብ አወጣ፤ ደንቡ ግን «ይህን መሣሪያ ግዙ» አላለም። ከሐምሌ 1978 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ፋብሪካ የፈቃድ ክፍያውን ከሚለቀው ቆሻሻ መጠን ጋር አሠረው። ከገደቡ በታች ለሚለቀቀው የብክለት ጭነት በቶን 10 ሪንጊት፣ ከገደቡ በላይ ለሆነው በቶን 100 ሪንጊት። ገደቡም በአንድ ቀን አልጠበቀም፦ በሊትር ከ5,000 ሚሊ ግራም ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየወረደ በ1984 ላይ 100 ደረሰ። የዘይት ምርቱ በዚያው ዘመን ከእጥፍ በላይ ሲያድግ፣ ወደ ወንዝ የሚገባው ጭነት አሽቆለቆለ።

ፋብሪካዎቹ የመረጡት መፍትሔ ምን ነበር? ኩሬ። ተከታታይ ጉድጓዶች ቆፍሮ ፍሳሹን ለወራት ማስተኛት። መሬት ርካሽ ነው፣ ሙቀቱ የአገሩ ነው፣ ተሕዋስያኑ ደሞዝ አይጠይቁም። እንደ ምህንድስና ሲታይ ብልሃት ነበር፤ ወንዙም ዳነ። ሒሳቡ ግን አልጠፋም፣ ቦታ ቀየረ እንጂ። ወንዝ ውስጥ ይበላ የነበረው ቆሻሻ ኩሬው ስር ኦክስጅን በሌለበት መብላላት ጀመረ፤ ሚቴኑ ወደ ሰማይ ወጣ። የሰማዩን ደግሞ ያኔ የሚለካ አልነበረም።

«አዲሱ ቴክኖሎጂ» የሚባለው እንግዲህ በአብዛኛው የዚህ ኩሬ ክዳን ነው። ወፍራም ፕላስቲክ ኩሬው ላይ ይዘረጋል፣ ወይም ፍሳሹ በብረት ጋን ውስጥ ይብላላል፤ ጋዙ በቧንቧ ተስቦ፣ ሞተሩን የሚበላው ድኝ ተጣርቶለት፣ ጄነሬተር ያዞራል። በሰዓት 60 ቶን ዘለላ የሚጨምቅ ፋብሪካ በዚህ መንገድ ከአንድ ሜጋዋት ተኩል እስከ ሁለት ሜጋዋት ሊያመነጭ ይችላል። የሻጮቹ ማስታወቂያ እዚህ ላይ ያቆማል፦ ቆሻሻው ገንዘብ ሆነ፣ አለቀ።

አላለቀም። መጭመቂያው ኤሌክትሪክ አይቸግረውም። የፍሬውን ቃጫና ቅርፊት በቦይለር እያነደደ እንፋሎቱንም መብራቱንም ከድሮ ጀምሮ ራሱ ያመርታል። ስለዚህ ከፍሳሹ የሚመጣው መብራት ሌላ ገዢ ያስፈልገዋል፤ ገዢው ያለው ደግሞ በመስመሩ ማዶ ነው። ፋብሪካው የተተከለው ዘንባባው መሀል፣ ከዋናው የኃይል መስመር ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። መስመሩን እስከዚያ የመዘርጋቱ ወጪ አንዳንዴ ከጄነሬተሩ አይተናነስም። ድኙ ካልተጣራ ሞተሩ በአጭር ጊዜ ይበላሻል፤ መለዋወጫው ከውጭ ይመጣል፤ ሞተሩን የሚያውቅ ሰውም ገጠር ለመቀመጥ ጥሩ ደሞዝ ይፈልጋል።

ለዚህ ነው የክዳኑ ታሪክ ከፍና ዝቅ ያለው። በኪዮቶ ስምምነት ስር የበለጸጉ አገሮች ከታዳጊ አገሮች የካርቦን ቅነሳ ይገዙ በነበረበት ዘመን በማሌዥያም በኢንዶኔዥያም ብዙ መጭመቂያዎች ኩሬያቸውን ለመሸፈን ተመዘገቡ። ገዢው አውሮፓ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ የዚያ ካርቦን ዋጋ በቶን ከአንድ ዩሮ በታች ሲወርድ ሒሳቡ ተበላሸ፤ ብዙ ፕሮጀክት ወረቀት ላይ ቀረ። ማሌዥያ በ2011 ከታዳሽ ምንጭ የሚመጣ ኤሌክትሪክ በተሻለ ዋጋ የሚገዛበትን ሕግ አወጣች፤ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ አዲስ የሚከፈት ወይም አቅሙን የሚያሳድግ መጭመቂያ ጋዙን እንዲይዝ ግዴታ ጣለች። ክዳኑ፣ ቧንቧውና ሞተሩ በእነዚህ ዓመታት ያን ያህል አልተለወጡም። ሲለዋወጥ የኖረው የገዢው ማንነት ነው።

ብዙ የማይወራለት አማራጭም አለ። ፍሬው ከረገፈ በኋላ የሚቀረውን ባዶ ዘለላ ከትፎ፣ ፍሳሹን እያርከፈከፉ እያገላበጡ ብስባሽ ማዘጋጀት። መብራት አይሰጥም፣ በዐውደ ርእይ ላይም አያምርም። ግን ውጤቱ ያለው ገዢው ደጃፍ ላይ ነው፤ የእርሻው ባለቤት ራሱ ነውና የማዳበሪያ ወጪውን ይቀንስለታል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ፍሳሹን እስከ ንጹሕ ውሃ ድረስ የሚያጣራ ስስ ወንፊት አለ። የሚያወጣው ውሃ ያስደንቃል፤ ነገር ግን የቀረው ዘይት ወንፊቱን ይደፍነዋል፣ ማጠቡና መቀየሩ የማያልቅ ወጪ ነው። ዝናብ በሚበዛበት አገር ለዚያ ውሃ ውድ ዋጋ የሚከፍል ማግኘትም ይቸግራል።

አሁን ወደ ዌሪቢ። የሜልበርንን ፍሳሽ ግማሽ ያህል የሚቀበለው የምዕራቡ ማጣሪያ ከከተማው መሀል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ 10,500 ሄክታር ላይ ተንጣልሏል። በምዕራብ ሜልበርን የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ጂሎንግ ሲነዱ በአጠገቡ ያልፋሉ፤ ከመንገዱ ግን ሜዳና ወፍ እንጂ ሌላ አይታይም። ቦታው የተጀመረው በችግር ነው። በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተማዋ በወርቅ ብትበለጽግም ቆሻሻዋ በየመንገዱ ቦይ ይፈስ ነበር፤ ታይፎይድ ሰው ይፈጅ ነበር፣ ጋዜጠኞችም በስሟ እየቀለዱ የምትሸት ከተማ ይሏት ነበር። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጄምስ ማንሰርግ ተጋብዞ ጥናት አቀረበ፤ በ1891 የከተማው ሥራዎች ቦርድ ተቋቋመ፤ በዋና መሐንዲሱ በዊሊያም ትዌይትስ መሪነት መስመሩ ተዘርግቶ በ1897 የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ተገናኙ። ፍሳሹ ለብዙ አሥርት ዓመታት በሳር መሬት ላይ እየተለቀቀ ተጣራ፤ በሳሩ ከብትና በግ ይረባበት ነበር።

ዛሬ ፍሳሹ መጀመሪያ የሚገባው ክዳን ወዳላቸው ግዙፍ ኩሬዎች ነው። የአንዱ ክዳን ስፋት ከሰባት ሄክታር ይበልጣል። ከስሩ የሚሰበሰበው ጋዝ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ኤሌክትሪኩም በዚያው ግቢ ለቀጣዩ ደረጃ አየር የሚነፉትን መሣሪያዎች ያንቀሳቅሳል። ጣቢያው ከሚፈልገው ኃይል አብዛኛው የሚመጣው ከራሱ ፍሳሽ ነው። ከዘይት መጭመቂያው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የዌሪቢ ፍሳሽ ከፓልሙ መቶ እጥፍ የቀጠነ ስለሆነ በሊትር የሚሰጠው ጋዝ እጅግ ያነሰ ነው። ሆኖም አዋጭ ሆነ፤ መብራት የሚበላው መሣሪያ ግቢው ውስጥ፣ ከኩሬው ጎን አለና። ወፍራሙ የፓልም ፍሳሽ ጋዝ ሞልቶት ገዢ ሲያጣ፣ ቀጭኑ የሜልበርን ፍሳሽ ገዢውን ጓሮው ውስጥ አገኘ።

ወጪው ግን እዚህም ቀላል አይደለም። በክዳኑ ስር ቅባት፣ ጨርቅና ጠጣር ቆሻሻ እየተጠራቀመ እንደ ድንጋይ ይጠነክርና ፕላስቲኩን ከታች ይገፋዋል። ክዳኑ ከተቀደደ ጋዙም ገንዘቡም ያመልጣል፤ ሰው ላዩ ላይ እየተራመደ መመርመሩም አደገኛ ነው። በዚህ ምክንያት የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውሃ ድርጅቱ ጋር ሆነው ክዳኑን በድሮንና በሙቀት ካሜራ የሚቃኙበትን መንገድ ሲያጠኑ ቆይተዋል። እንግዲህ ሻጩ «አንዴ ሸፍኖ መተው ነው» ያለውን ፕላስቲክ፣ በሀብታም ከተማ እንኳ ዩኒቨርሲቲ ይጠብቀዋል። ማሌዥያ ገጠር ውስጥ ያለ መጭመቂያ፣ ወይም ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ቡሬ ያለ የዘይት ፋብሪካ ማን ይጠብቅለታል?

ዌሪቢን ወደፊት የገፋው የጋዙ ገቢ ብቻ አልነበረም። ከ1992 እስከ 1996 የአውስትራሊያ የሳይንስ ምርምር ተቋም ሲ.ኤስ.አይ.አር.ኦ የፖርት ፊሊፕ ባሕረ ሰላጤን አጥንቶ በዓመት የሚገባው ናይትሮጅን በ1,000 ቶን እንዲቀንስ መከረ፤ ከዚህ 500 ቶኑ የዌሪቢ ድርሻ ሆነ። ቁጥሩ በፈቃድ ላይ ሲሰፍር ቴክኖሎጂው ተከተለ። መሬት ላይ የመልቀቁ አሮጌ ዘዴም በ2000ዎቹ አጋማሽ ቆመ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፦ መጀመሪያ ለክተው አወቁ፣ ከዚያ ገደብ ጣሉ፣ ማሽኑ የመጣው በመጨረሻ ነው።

ከምግብ ቤቶቹ ጉድጓድ የሚመጠጠው ቅባት ጉዞም እንደዚሁ ነው። በሰሜን ሜልበርን ወለርት የሚገኘው የያራ ቫሊ ውሃ ድርጅት ጣቢያ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የምግብ ትራፊና ቅባት ተቀብሎ ጋዝ ያደርጋል፤ አቅሙ በዓመት 33,000 ቶን፣ የተሠራበት ወጪ 27 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ነው። መብራቱን መጀመሪያ የሚጠቀመው ጎኑ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ ነው፣ ትርፉ ይሸጣል። ደግሞም ጥሬ ዕቃውን ይዞ የሚመጣው ለማራገፍ ይከፍላል፤ ሌላ ቦታ ቢጥለውም ይከፍላልና። የፉትስክሬይ ምግብ ቤት ባለቤት የሚያማርርበት ሒሳብ ለእንዲህ ያለው ጣቢያ የገቢ ምንጭ ነው።

ለኢትዮጵያ ከዚህ ምን ይወሰዳል? በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ፊቤላ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ደብሊው ኤ የተባሉ ትልልቅ የዘይት ፋብሪካዎች ተመርቀዋል። ድፍድፍ ዘይት የሚያጣራ ፋብሪካ ፍሳሽ እንደ መጭመቂያው ወፍራም አይደለም፤ የእስያው ሒሳብ እንዳለ አይገለበጥም። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ግን ዓመቱን ሙሉ እንፋሎት ይፈልጋል፣ ቦይለር አለው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨውን የሕዳሴ ግድብ የመረቀች አገር ከፍሳሽ ጋዝ መብራት ለማውጣት ውድ ጄነሬተር መግዛቷ ብዙም ስሜት አይሰጥም። ጋዙን ቦይለር ስር ማንደድ ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛውን ነዳጅ ይተካል። መሣሪያው ያንስና ይቀላል፤ ሞተር ስለሌለው የድኙም ጣጣ ይቀንሳል። አዲስ ቴክኖሎጂ ሲቀርብ ጄነሬተሩ ስንት ሜጋዋት እንደሆነ ከመጠየቅ ይልቅ ጋዙን በ100 ሜትር ርቀት ውስጥ የሚጠቀምበት ማን እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል።

ቡና ሌላ ነው። በሲዳማ፣ በጌዴኦና በጅማ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች የሚለቁት ውሃ ከፓልሙ ጋር ቅርብ ዘመድ ነው፦ ኮምጣጣ፣ ስኳር የበዛበት፣ ወንዙን የሚያፍን። እዚያ ላይ የጋዝ ፋብሪካ ትከሉ የሚል ምክር በየጊዜው ይሰማል። በማዕከላዊ አሜሪካ ተሞክሯልም። የኢትዮጵያ ጣቢያ ግን የሚሠራው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ የቀረውን ስምንት ወር ጋኑም ሞተሩም ጾማቸውን ያድራሉ፣ ጋዙን የሚሠሩት ተሕዋስያንም ይራባሉ። በስድሳ ሺህ ብር የሚፈታን ችግር በስድስት ሚሊዮን ለመፍታት መሞከር እንዳይሆን ያሰጋል። እዚያ ቀዳሚው ነገር ውሃ ቆጣቢ መፈልፈያ ነው፤ የሚበላሸው ውሃ ሲያንስ የሚታከመውም ያንሳል። ቴክኖሰርቭ የተባለው ድርጅት ከቡና አምራቾች ጋር እንዳስፋፋው ደግሞ የቀረውን ፍሳሽ በጉድጓድ አቆይቶ ቬቲቨር ሳር በተተከለበት መሬት ላይ ማሳለፍ ይቻላል። ሳሩ እዚሁ አገር ይበቅላል፣ ገበሬው ያጭደዋል።

ከዚህ በተቃራኒው ጫፍ ሐዋሳ አለ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አንዲት ጠብታ ወደ ሐይቁ እንዳትገባ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ አለው፤ የገነባው የሕንዱ አርቪንድ ኢንቪሶል ነው። የጨርቅ ቀለም ለሚነክረው ፋብሪካና ለዝግ ሐይቅ ይህ ጥንቃቄ ተገቢ ነበር፤ የሐዋሳን ሐይቅ ዓሣ የበላ ሰው አይከራከርበትም። ወጪው ግን ከባድ ነው። ውሃውን በግፊት ማጣራት፣ የቀረውን አፍልቶ ጨው ማድረግ፣ ጨውን ደግሞ የሆነ ቦታ ማስቀመጥ። ይህ ሁሉ ፋብሪካዎቹ ሞልተው ሲሠሩ ለብዙ ሰው ይካፈላል። ፒቪኤች የተባለው ትልቁ የልብስ ገዢ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፋብሪካውን ሲዘጋ፣ አሜሪካም ከጥር 1 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድሏ ከአጎዋ ስታስወጣ፣ ማጣሪያው ተከራይ እንደቀነሰ አይቶ ወጪውን አይቀንስም። ለፓልምም ሆነ ለሌላ ፍሳሽ «ምንም የማይለቅ» ማሽን የሚያቀርብ ሻጭ ሲመጣ ይህ ሊታሰብ ይገባል።

ሕጉ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ይላል፤ ብክለት ለመቆጣጠር የሚገባ አዲስ መሣሪያ ከቀረጥ ነጻ እንዲሆንም ይፈቅዳል። ደንብ ቁጥር 159/2001 ለነባር ፋብሪካዎች የመዘጋጃ ጊዜ ሰጥቶ ነበር፤ ያ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። ሥርዓቱ የቆመው በገደብና በቅጣት ላይ ነው። ችግሩ ቅጣት የሚመጣው ተቆጣጣሪ ሲመጣ ነው፣ ቀረጥ ነጻውም የሚያበረታታው ማሽኑን መግዛት እንጂ ማሽኑን ማሠራት አይደለም። ተገዝቶ የቆመ ማጣሪያ ያለው ፋብሪካና በየቀኑ የሚያሠራ ፋብሪካ እኩል ከቀረጥ ነጻ ናቸው። የማሌዥያው ዘዴ ብልጫው እዚህ ነው፤ በኪሎ የሚከፍል ባለ ፋብሪካ ጠዋት ማሽኑ መነሳቱን ራሱ ይጠይቃል።

እንዲህ ያለ ክፍያ ዘይቱን ያስወድዳል የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም። ጀሪካን ዘይት ለመግዛት በተሰለፈ ሰው ፊት ስለ ኦክስጅን ማውራት ድፍረት ይጠይቃል። ነገር ግን በ10 ሪንጊት በቶን የተጀመረው ክፍያ የማሌዥያን ዘይት ከገበያ አላስወጣም፤ ገደቡም በስድስት ዓመት ውስጥ ነው ቀስ እያለ የጠበቀው። ደግሞ ወጪው አሁንም አለ፤ የሚከፍለው ከፋብሪካው በታች ወንዙን የሚጠጣው ነው።

የአዲስ አበባን ፍሳሽ የሚቀበለውን ቃሊቲን ማንሳት ግድ ነው። በደርግ ዘመን የተቆፈሩት ኩሬዎች በቀን 7,500 ሜትር ኩብ ገደማ እንዲያስተናግዱ የታሰቡ ነበሩ፤ በዓለም ባንክ ድጋፍ ተገንብቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ የጀመረው አዲሱ ማጣሪያ 100,000 ሜትር ኩብ የመቀበል አቅም አለው። የመጀመሪያው ደረጃ ፍሳሹን ከታች ወደ ላይ እያሳለፈ ያለ ኦክስጅን የሚያብላላ ጋን ነው፤ ዘዴው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሆላንዱ ሳይንቲስት ጋትሰ ሌቲንጋ የተፈጠረ ሲሆን በዘይት መጭመቂያዎችም ይሠራበታል። ይህ ጋን እንደ ዌሪቢ ኩሬ ጋዝ ይሰጣል፤ ጎኑ ላይም ፓምፖች አሉ። ገዢው ግቢው ውስጥ ነው ማለት ነው።

ቃሊቲና ዌሪቢን የሚያመሳስላቸው ሌላም ነገር አለ፤ ሁለቱም አትክልት አብቃይ ሰፈር ጎን ናቸው። በዌሪቢ ሳውዝ ሰላጣና አበባ ጎመን የሚያመርቱ ገበሬዎች ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታከመ ውሃ ይገዛሉ፣ ጨው በዝቶበታል ብለውም ያማርራሉ። የጨውን መጠን ቁጥሩን ጠቅሰው ነው የሚያማርሩት፤ ውሃው ይመረመራል፣ ውጤቱም ይነገራቸዋል። በአቃቂ ወንዝ ዳር ጎመን የሚያመርተው ገበሬና ጎመኑን ከገበያ የሚገዛው የአዲስ አበባ ነዋሪም ውሃው ውስጥ ምን፣ ስንት ሚሊ ግራም እንዳለ በየወሩ ሊነበብላቸው ይገባል። ለላቦራቶሪው የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ ጄነሬተር ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።